መኪና በሚኒሞ ላይ ለምን ይጠፋል? ከሞያሌ የድንበር ሰልፍ የሚነሣ ጥያቄ

ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከናይሮቢ የሚነሣው መንገደኛም ወደ ከተማዋ የሚደርሰው ከዚህ ብዙ የማይለይ ርቀት አቋርጦ ነው። ሁለቱ መንገዶች በድንበሩ ኬላ ይገናኛሉ፤ እዚያም አሽከርካሪ ሁሉ መቆሙ አይቀርም። ሰነድ ይታያል፣ ጭነት ይፈተሻል፣ ሰልፉ አንድ መኪና ያህል ወደፊት ይንቀሳቀስና መልሶ ይቆማል። በአውራ ጎዳናው ላይ ለሰዓታት ያለ እንከን የተጓዘ ሞተር ሕመሙን የሚገልጠው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ከዚያም ጸጥ ይላል። ቁልፉ ሲዞር መልሶ ይነሣል። ነዳጅ ሲሰጡት ይሠራል፣ ሲተዉት ይጠፋል።

ችግሩ የተለመደ ቢሆንም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ሞተሩ በጠፋ ቅጽበት መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ አጋዥ ኃይሉን ያጣና ይጠጥራል። በከተማ መገናኛ ላይ ወይም በቁልቁለት ይህ ሲያጋጥም አደጋ ነው። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መንገድ ላይ ደግሞ ከተሞቹ ጥቂት፣ ጋራዦቹም ከዚያ ያነሱ ናቸው።

የገንዘቡም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ በ2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙዎች ብቸኛው አማራጭ ሆኗል። ኬንያ በበኩሏ ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት ያልበለጠ ያገለገሉ መኪኖችን ብቻ ታስገባለች፤ ከገቡ በኋላ ግን እነዚህ መኪኖች ለረጅም ዓመታት ያገለግላሉ። በሁለቱም አገሮች የባለንብረቱን ኪስ የሚያራቁተው፣ ከብልሽቱ ይልቅ «እስቲ ይህን ቀይረን እንየው» የሚለው አሠራር ነው። በሚኒሞ ላይ የሚጠፋ መኪና ለዚህ አሠራር ሁነኛ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱ አንድ ደርዘን ሊሆን ስለሚችል አንድ ደርዘን ዕቃ ያስለውጣል።

ሚኒሞ ሲባል

የኢትዮጵያ መካኒኮች «ሚኒሞ» የሚለውን ቃል የወረሱት፣ እንደ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ሁሉ፣ ከጣሊያንኛ ነው። ኬላውን ተሻግሮ ወደ ኬንያው ሞያሌ የገባ አሽከርካሪ ለፉንዲው፣ ማለትም በስዋሂሊ ለእጅ ባለሙያው፣ «ካንዴላ» ቢለው ላይግባቡ ይችላሉ፤ እዚያ ዕቃው «ፕላግ» ነው። ሕመሙ ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው።

ሚኒሞ ሞተሩ ያለ ጭነት፣ የነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፣ ራሱን ብቻ ችሎ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። በአብዛኞቹ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች በደቂቃ ከ650 እስከ 850 ዙር ይሆናል። በዚህ ጊዜ የአየር ማስገቢያው በር ከሞላ ጎደል ዝግ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው በበሩ ጠርዝ በሚቀረው ጠባብ ቀዳዳ ወይም ለዚሁ በተሠራ ማለፊያ በኩል በሚገባ ጥቂት አየር ሲሆን፣ የሚረጨው ነዳጅም በዚያው ልክ ኢምንት ነው። ደመራ በነፋስ ይብሳል እንጂ አይጠፋም፤ ኩራዝ ግን እፍ ሲሉት ይጠፋል። ሞተርም በሚኒሞ ላይ እንደ ኩራዙ ነው። በጉዞ ፍጥነት ላይ የማይሰማ አነስተኛ የአየር ስርቆት፣ የተዳከመ ብልጭታ ወይም የቀነሰ ነዳጅ በሚኒሞ ላይ ሞተሩን ለማጥፋት ይበቃል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ጤነኛ ከሆነና በሚኒሞ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ የነዳጅ ፓምፑን ከመጠርጠር በፊት የአየሩን መንገድ መጠርጠር ይገባል። ደካማ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው ብዙ ነዳጅ በሚጠየቅበት ጊዜ፣ በዳገትና በፍጥነት ላይ ነው።

መቼ ነው የሚጠፋው?

ጥሩ መካኒክ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል። ባለ መኪናውም መልሱን አስቦ ቢመጣ ጊዜና ገንዘብ ያተርፋል፤ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ የምርመራውን ክልል የሚያጠበው «መቼ?» የሚለው ጥያቄ ነውና።

ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ የሚጠፋና ሲሞቅ የሚሻለው ሞተር፣ ለቀዝቃዛ አነሣስ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ነዳጅ ወይም አየር አላገኘም ማለት ነው። የውሃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር የተሳሳተ መልእክት ሲሰጥ፣ ወይም በካርቡራተር መኪና ላይ አየሩን የሚያፍነው ቾክ ሳይሠራ ሲቀር እንዲህ ይሆናል። በተቃራኒው ቀዝቃዛ ሳለ ደኅና ሆኖ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ የሚነሣ ከሆነ፣ በሙቀት የሚደክሙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ይጠረጠራሉ፤ በተለይ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው የክራንክ ሻፍት ሴንሰርና የብልጭታው ኮይል። በቆላው ሙቀት፣ በረጅም ሰልፍ ላይ፣ አሮጌ የካርቡራተር መኪና ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ተንኖ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል።

ፍሬን ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ የፍሬኑን ሰርቮና ወደ እርሱ የሚሄደውን የቫኪዩም ቱቦ ይመልከቱ። ሰርቮው ከተቀደደ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ያልተቆጠረ አየር ወደ ሞተሩ ይገባል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ወይም አየር ማቀዝቀዣው ሲከፈት የሚጠፋ ሞተር ሸክም ሲመጣበት አየር የሚጨምርለት ዘዴ አልሠራለትም፤ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ ቆሻሻ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና፣ ማርሹ እንደገባ ሊቆም ሲል ብቻ የሚጠፋና ማርሹ ዜሮ ሲሆን የማይጠፋ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከሞተሩ ሳይሆን ከካምቢዮው ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ሳይላቀቅ እየቀረ ይሆናል።

ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ወዲያው የሚጠፋ መኪና ሁለት ነገር ይነግራል። አንደኛው የተቀዳው ነዳጅ መጥፎ መሆኑን ነው፤ ሁለተኛውን ግን ብዙዎች ይዘነጉታል። የቤንዚን ትነትን ከጋኑ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ ተከፍቶ ከቀረ፣ በቅጂው ጊዜ የተጠራቀመው ትነት በአንዴ ገብቶ ሞተሩን ያንቃል። ባትሪ ከተለወጠ ወይም ከተፈታ በኋላ የጀመረ ችግርም የራሱ ታሪክ አለው። የመኪናው ኮምፒውተር ከዓመታት ጋር የተከማቸውን ጥላሸት ለማካካስ የአየሩን በር ጥቂት ጥቂት ከፍ እያደረገ ይማራል፤ ባትሪው ሲፈታ ትምህርቱን ይረሳል። በሩ ግን እንደቆሸሸ ነው። ባለ መኪናው አዲሱን ባትሪ ይረግማል፤ የሚያስፈልገው ጽዳት ነበር።

ቁልፍ ዞሮ ተነሥቶ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የስርቆት መከላከያው ቁልፉን አልለይ እንዳለው መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ አየር

ሞያሌን ከሌሎች የጋራዥ ከተሞች የሚለይ አንድ ነገር የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ ናይሮቢ ወደ 1,700 ሜትር፣ ሞያሌ ደግሞ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 75 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን በሞያሌ ወደ 88 በመቶ ከፍ ይላል።

ኮምፒውተርና የኦክስጅን ሴንሰር ያለው መኪና ይህን ራሱ ያስተካክላል። ላዳና የቀድሞዎቹን የቶዮታ ዲኤክስ መኪኖች ለመሰሉ የካርቡራተር መኪኖች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ስስ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ሞያሌ ሲወርድ የሚያገኘው አየር ይወፍራል፤ ነዳጁ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ቅልቅሉ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ሚኒሞውም ይንገዳገዳል። ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ደግሞ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ጭሱ ይከብዳል። በሁለቱም አቅጣጫ የተበላሸ ዕቃ የለም፤ የሚያስፈልገው የቅልቅሉን ብሎን ማስተካከል ብቻ ነው።

ከፍታ መለኪያንም ያሳስታል። የሞተርን ጤንነት ለማወቅ ከሚያገለግሉ ቀላል መሣሪያዎች አንዱ የቫኪዩም ጌጅ ነው። የፋብሪካ መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ማሳየት አለበት ሲሉ የባሕር ወለልን ታሳቢ አድርገው ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በሞያሌ ከ13 እስከ 17፣ በአዲስ አበባ ከ9 እስከ 13 ያለው ንባብ የጤነኛ ሞተር ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ መጽሐፉን ብቻ አምነው ቴስታታ ያስወረዱ መኪኖች ስንት እንደሆኑ መገመት አያዳግትም። ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌው ጠባይ ይበልጥ ይናገራል። ረግቶ ዝቅ ያለ መርፌ የአየር ስርቆትን ወይም ወደኋላ የቀረ የብልጭታ ጊዜን ያመለክታል፤ በተወሰነ ምት ወደ ታች የሚወድቅ መርፌ ደግሞ አንድ በደንብ የማይዘጋ ቫልቭ አለ ይላል።

አየሩ፣ ብልጭታው፣ ነዳጁ

ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ አለበት። መከለያውን ከፍተው ሞተሩ እየሠራ ያዳምጡ። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ ብዙ ጊዜ ያፏጫል። ከአየር ማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለው የጎማ ቱቦ በሙቀትና በአቧራ እየደረቀ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሚታየው ቱቦው በእጅ ሲለጠጥ ነው። ድምፁ ካልተሰማ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦዎች እየራቁ በትንሽ መርጫ ውሃ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነካ ነካ ማድረግ ይቻላል፤ የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ስርቆቱ ያለበት ነው። አንዳንድ ጋራዦች ለዚህ ሥራ የካርቡራተር ማጽጃ ይጠቀማሉ። በጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ፈሳሽ መርጨት ሞተሩን አግኝቶ መኪናውን የሚያሳጣ ብልሃት ነው።

ቀጥሎ የአየር ማስገቢያው በር ይታያል። በሩና ዙሪያው በጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ፣ ለዚሁ በተሠራ ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ይጸዳል። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰውን በር በኃይል በጣት መግፋት ግን ጥርሱን ሊሰብር ይችላል። በሰሜን ኬንያ መንገዶች ላይ የሚበዛው ፕሮቦክስና በአዲስ አበባ የተለመደው ቪትዝ ይህን ዓይነት በር ካላቸው መኪኖች መካከል ናቸው፤ ከጽዳት በኋላ ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን እንደገና እስኪማር ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ከፍና ዝቅ ቢሉ አያስደነግጥም። የሚኒሞ ቫልቭ ለብቻው የተሠራላቸው ቀደም ያሉ መኪኖች ደግሞ ያ ቫልቭ ተፈትቶ ይጸዳል። ካርቡራተር ላላቸው አንድ ፈጣን ሙከራ አለ። ብዙዎቹ ካርቡራተሮች ሞተሩ ሲጠፋ የሚኒሞውን ነዳጅ የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አላቸው። ቁልፉን ከፍተው ሽቦውን ነቅለው ሲመልሱት «ቀጭ» ካላለ ሚኒሞ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ጥፋቱም የተላቀቀ ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ካንዴላዎቹ ሲወጡ እንደ ምስክር ይቆጠራሉ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ ነጣ ያለ ጫፍ ነዳጅ ማነሱን፣ ዘይት የተቀባ ጫፍ የሞተሩን ማርጀት ይናገራል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ለማወቅ የመርፌዎቹን የኤሌክትሪክ ሶኬት ተራ በተራ ለአፍታ መንቀል ይበቃል፤ ሲነቀል የሞተሩን ድምፅ ያልለወጠው ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። የባትሪውን ኃይል መለካትም አይረሳ። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላሳየ ዲናሞው ይመርመር።

በድንበር ከተማ ስለ ነዳጅ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በኢትዮጵያ በኩል ዋጋው በድጎማ ዝቅ ብሎ በቆየባቸው ዓመታት ቤንዚን በጄሪካን ድንበር ሲሻገር መኖሩ የታወቀ ነው። ከፀሐይ በታች በፕላስቲክ ዕቃ የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ ይተናል፤ ውሃና አቧራም ይገባበታል። በኬንያ በኩል ደግሞ ነጭ ጋዝ ከነዳጅ ጋር መቀላቀሉ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ መንግሥት እ.አ.አ. በ2018 በአንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ላይ 18 ሽልንግ ተጨማሪ ቀረጥ ጥሎበታል፤ ዓላማውም ድብልቁን አትራፊ እንዳይሆን ማድረግ ነበር። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በቀላሉ ስለማይተን ጠዋት ማስነሣት ያስቸግራል፣ በሚኒሞ ላይ ያንገዳግዳል፣ ካንዴላም ያጠቁራል። ጥርጣሬ ካለ ከጋኑ ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ፣ ንጹሕ ቤንዚን ፈጥኖ ይተናል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የነካው ግን የቅባት ጥላ ይተዋል።

ኮምፒውተሩ ሲጠየቅ

ዛሬ በኪስ የሚያዝ የምርመራ መሣሪያ በብዙ ጋራዥ ይገኛል። ችግሩ መሣሪያው የሚሰጠውን ኮድ እንደ ፍርድ መቀበል ነው። ፒ0171 «ቅልቅሉ ነዳጅ አንሶታል» ይላል እንጂ «የኦክስጅን ሴንሰሩን ቀይር» አይልም። ፒ0505 የሚኒሞ መቆጣጠሪያው አልታዘዝ ማለቱን፣ ፒ0300 ሲሊንደሮች ብልጭታ እየሳቱ መሆኑን፣ ፒ0335 የክራንክ ሻፍት ሴንሰሩ ምልክት መጥፋቱን ይናገራሉ። ለምን? የሚለው ለሰው የተተወ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት አለመብራቱም ማረጋገጫ አይደለም፤ የቆሸሸ የአየር በር ብዙ ጊዜ ምንም ኮድ አያስመዘግብም።

ከኮዱ ይልቅ ብዙ የሚነግረው፣ በተለይ የአየር መጠን ሴንሰር ባላቸው መኪኖች ላይ፣ ኮምፒውተሩ በነዳጁ ላይ ያደረገው ማስተካከያ ነው። በሚኒሞ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ነዳጅ እየጨመረ፣ ሞተሩ ወደ 2,500 ዙር ሲወጣ ወደ ዜሮ የሚመለስ ከሆነ የአየር ስርቆት አለ፤ ጥቂቱ የተሰረቀ አየር ብዙ አየር ሲገባ ዋጋ ያጣልና። ማስተካከያው ከዙሩ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ የነዳጅ ፓምፑ፣ ማጣሪያው ወይም የአየር መጠን ሴንሰሩ ይጠየቃል። ይህን ንባብ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳያየው ፓምፕ ግዛ የሚል ባለሙያ ሌላ ባለሙያ መፈለግን ያስመኛል።

የሚኒሞውን ብሎን ከፍ አድርጎ መኪናውን መሸኘት በሁለቱም የድንበሩ ወገን የሚታይ መፍትሔ ነው። ሞተሩ አይጠፋም፣ እውነት ነው። ነዳጅ ግን ይበላል፣ አውቶማቲኩ ማርሽ ሲገባ ይደነግጣል፣ የተሰነጠቀው ቱቦም መሰንጠቁን ይቀጥላል። ለመንገድ እንደ ጊዜያዊ መላ ካልሆነ በቀር ጥገና ተብሎ ሊከፈልበት አይገባም።

ናፍጣ ከሆነ

በዚህ መስመር የሚመላለሱት አይሱዙዎችና ላንድ ክሩዘሮች አብዛኞቹ ናፍጣ ናቸው፤ ካንዴላ የላቸውም፣ ጥያቄውም ያጥራል። በሚኒሞ ላይ የሚጠፋ የናፍጣ ሞተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር ወደ ነዳጁ መስመር በመግባቱ ወይም ማጣሪያው በመደፈኑ ነው። ከማጣሪያው በኋላ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ማስገባት አረፋውን በዓይን ያሳያል። ከውሃ መለያው ሥር ያለውን ብሎን ፈትቶ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስም ገንዘብ አይጠይቅም። በአዳዲሶቹ የኮመን ሬል ሞተሮች ላይ ወደ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ የሚገባውን ነዳጅ የሚመጥነው ቫልቭ ሲያረጅ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ከዚያም ይጠፋል፤ ይህ ግን ያለ መሣሪያ የሚደፈር አይደለም።

መንገድ ላይ ከሆነ

ሞተሩ እየሄዱ ሳለ ቢጠፋ ፍሬኑን ደጋግሞ መምታት የቀረውን አጋዥ ኃይል ይጨርሳል፤ አንዴ አጥብቆ መርገጥና መያዝ ይሻላል። ቁልፉን እስከ መጨረሻ ወደኋላ ማዞር መሪውን ሊቆልፍ ስለሚችል መኪናው ሳይቆም አይደረግም። ከዚያ የመንገዱን ዳር መያዝ ነው። በሞያሌ ይህ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በኢትዮጵያ በቀኝ፣ በኬንያ በግራ ስለሚነዳ፣ ኬላውን ገና የተሻገረ አሽከርካሪ በድንጋጤ የሚሸሸው ወደ ለመደው ዳር ነው፤ ያም ከፊት ለፊት የሚመጣው የከባድ መኪና መስመር ሊሆን ይችላል። የማስጠንቀቂያ መብራቱን ካበሩና ምልክቱን ከኋላ ራቅ አድርገው ካቆሙ በኋላ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይነሣ እንደሆነ ይሞክሩ፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀም ይጻፉት። ከተማ ሲደርሱ መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህን ነው።